ከልጄ ጋር የደረስኳቸው ለቅሶዎች

ልጄ ምን እንደምትሠራ ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ያስቸግረኛል። ዶክተር ልትባል ነው ያልኩ ቀን ጎረቤቶቼ ወገባቸውንና ጉልበታቸውን ይዘው መጡ። አይደለም፣ መድኃኒት አታዝም፤ እሷ የምታጠናው እናቶች በወሊድ ለምን እንደሚሞቱ፣ ደግሞም ያንዱ አገር እናት ከሌላው አገር እናት ለምን አብልጣ እንደምትሞት ነው አልኳቸው። መካነ ሰላም ገበያ ከጎኔ ጉልት የምትቸረችረው ጎረቤቴ በርበሬዋን እያራገበች፣

"ይኼን ለማወቅ ነው ይኼን ሁሉ ዓመት የተማረችው? እኔን ብትጠይቀኝ ቁርሷን ሳትበላ እነግራት ነበር። መንገድ የለም፣ መኪና የለም፣ በቃ!" አለችኝ።

ለልጄ ስነግራት ከልቧ ሳቀች። "እውነቷን እኮ ነው እማ። ግን እሷ ስትለው አይሰሙም። እኔ የምማረው እሷ ያለችውን እንዲሰሙት አድርጎ መጻፍ ነው" አለች።

እኔ ሦስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ይኼን የምጽፈውም እንደምናገረው ነው፣ ሌላ አልችልም። ልጄ ግን ደሴ ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታስተምራለች። እዚያው የሚያስተምር ጥሩ ሰው አግብታለች። ልጅ አልነበራትም። ዕድሜዋ ሠላሳዎቹን ጨርሶ ሊወጣ ነበር፤ እኔም በየሶላቱ ሌላ የምለምነው ነገር አልነበረኝም። ያ ረቢ፣ አንድ ልጅ ስጣት፣ እሷንም አትርፍልኝ። ሁለቱን አንድ ላይ ነበር የምለምነው፤ እንደሷ ዓይነት ሥራ የምትሠራ ልጅ ያላት እናት አንዱን ነጥላ አትለምንም።

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ለጥናቷ ወደኛ አገር መጣች። ሌላ አገር መሄድ ስትችል ለምን እኛን መረጥሽ አልኳት።

"ከአስፋልቱ በራቁ ቁጥር የሚሞቱት ይበዛሉ እማ። እናንተ ደግሞ ሩቅ ናችሁ።"

ጊዜው ጥሩ አልነበረም። መንገዱ በጸጥታው ሰበብ አንድ ቀን ክፍት ነው፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ቆላው ወርዳ፣ በወሊድ የሞተች ሴት ያለችበት ቤት ሁሉ እየገባች አሟሟቷን ልትጠይቅ ነው። እኔ እንደሆንኩ ከጥንትም ፈሪ ነኝ። የመጀመሪያ ቀን ከወጣች ጀምሮ እስክትመለስ ጉልቴ ላይ ተቀምጬ ጨው ለጠየቀኝ በርበሬ ስሸጥ ዋልኩ።

ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። ምን ሆንሽ ስላት፣ ልጃቸው በምጥ የሞተችባቸው አንዲት አሮጊት ቤት ገብታ እንደነበር ነገረችኝ። አሮጊቷ አስቀምጠዋት ከእግር እስከ ራሷ አይተዋት፣ "ወልደሻል?" አሏት።

"አልወለድኩም" አለች።

"ታዲያ ላልወለደች ሴት ምጥ ምን ብዬ ልንገራት? ደግሞ ለቅሶ ሳትደርሺኝ ነው ወሬ የምትጠይቂኝ? ማን ነው ያሳደገሽ?"

ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እኛ አገር ሰው የሞተበት ቤት መጀመሪያ የገባህ ቀን፣ ሟቹ ከተቀበረ ዓመታት አልፈው መቃብሩ ላይ ሣር ቢበቅልበትም፣ መጀመሪያ ታለቅሳለህ። ከዚያ ነው ሰላምታው፣ ከዚያ ነው የመጣህበት ጉዳይ። ይኼን እሷም አትስተውም።

"አውቀዋለሁ እማ፣ እዚሁ አይደል ያደግሁት? ግን ታብሌት ይዤ ገብቼ አልቅሼ፣ እንባዬን ጠርጌ፣ ደሙ መፍሰስ የጀመረው መቼ ነው ብዬ ልጠይቅ? ማታለል ይመስለኛል። እንባዬን ለጥናት ብዬ ያፈሰስኩት ይመስለኛል።"

"እንግዲያው እኔ አለቅሳለሁ" አልኳት። "አንቺ ጠይቂ።"

ለሚያስተምሯት ሰዎች ስልክ ደውላ አስፈቀደች። ከዚያ ወደኔ ዞራ እየሳቀች፣ "እማ፣ ምን ሠራተኛ ነች ብዬ ልጻፍሽ? አልቃሽ ልበል?" አለችኝ።

"እናቷ ናት በያቸው። ከዚያ ወዲያ ምን ሊያደርጉኝ ነው?"

እንዲህ ሆኖ ነው ጉልቴን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ከልጄ ኋላ የተከተልኩት። እውነቱን ለመናገር ለጥናቱ ብዬ አይደለም። ከዓይኔ እንዳትርቅ ነው።

እየሄድን እንዲህ ነበር የምናደርገው። ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱን ታሳየናለች። ደጁ ጋ ስንደርስ እኔ እቀድማለሁ። የክርስቲያን ቤት ከሆነ ድምፄን ለቅቄ ነው የምገባው። የሙስሊም ቤት ከሆነ ሼኾቹ ዋይታ ሐራም ነው ስለሚሉን ሻሼን አፌ ላይ አድርጌ ዝቅ እላለሁ፤ ግን እዚያም ቤት ቢሆን ሙሾው ሲመጣ የሚያቆመው የለም። ሴቶቹ ይነሳሉ፣ ጎረቤት ይመጣል፣ አንድ ላይ እናለቅሳለን። ሲበቃን ፊታችንን የምንታጠብበት ውኃ ያመጣሉ፣ ንፍሮ ወይም በሶ ያቀርባሉ። ከዚያ የቤቱ ሰው፣ "መርሐባ፣ አላህ ይስጥልን፤ ምን እግር ጣላችሁ?" ሲል ልጄ ትጀምራለች። እኔ አጠገቧ ስለተቀመጥኩ ሴቶቹ ምጡን የሚያወሩት ወደኔ እያዩ ነው። እሷ ትጠይቃለች፣ መልሱ ለኔ ይነገራል፣ እሷ ትጽፋለች።

የሰማሁትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፣ አቅምም የለኝም። አንዷን በቃሬዛ ተሸክመዋት ወንዝ ዳር ሲደርሱ ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ከማዶ ይታያቸዋል። ውኃው እስኪጎድል ዳር ላይ ተቀምጠው ባሏ ራሷን ታፋው ላይ አድርጎ ይዟታል። "ያ የሚያበራው ነው?" ብላ ጠየቀችው። "እሱ ነው፣ አብሽሪ፣ ደርሰናል" አላት። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ይኼን ሲነግረን እጁ አሁንም ታፋው ላይ ነበር።

ሌላ ቤት ደግሞ አንድ ሽማግሌ ልጄን ተቆጧት። "በወሊድ የሞተች ሸሂድ ናት። ቦታዋ ጀነት ነው። አሁን አንቺ ደም ፈሷት ነው፣ መኪና አጥታ ነው ብለሽ ጽፈሽ ጀነቷን ልትቀንሺባት ነው?"

"የሷን ጀነት ማን ይነካዋል አባባ" አለቻቸው። "ከኋላዋ ያሉት ልጆቻቸውን አሳድገው፣ እንደርስዎ ሸብተው እንዲገቡ ነው የምለፋው።"

ሽማግሌው እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ። "ምላሷን አያችሁልኝ? ይቺ ልጅ ተምራለች!" ብለው ወደኔ ዞሩ። "ዱዓ አድርጊላት አንቺ፤ ዓይን እንዳይበላት።"

እኔ ግን ሌላ ነገር ያስፈራኝ ጀምሮ ነበር። ልጄ አታለቅስም። አንድም ቤት አላለቀሰችም። ባልየው ስለ ወንዙ ሲያወራ ኤክስቴንሽኗ ልጅ እንኳ ፊቷን ሸፍና ወጣች፤ ልጄ "ከዚያ በኋላስ?" አለችው። መንገድ ላይ፣ ሆድሽ ደርቋል እንዴ አልኳት። "እኔ ካለቀስኩ ማን ይጽፍላቸዋል?" አለችኝ። ድምፅዋ አልተቆጣም፣ ደክሞታል እንጂ።

እኔ ደግሞ እንባ አልቸገረኝም፤ የቸገረኝ የማለቅስለት ሰው ነው። ሰው የማያውቀው ሰው ለቅሶ ላይ የራሱን ሙት ነው የሚያለቅሰው። የመጀመሪያዎቹን ቤቶች እናቴን አለቀስኳት። ከዚያ የልጆቼን አባት። ከዚያ አረብ አገር ሄዶ የቀረውን ወንድሜን። ቤቱ ሲበዛ ግን ሙቶቼ አለቁብኝ። አንድ ጊዜ አልቅሰህ የወጣልህን ሰው ደግመህ ደግመህ ብታነሳው አይመጣም። ደጅ ላይ ቆሜ፣ ዛሬስ ማንን ላንሳ እያልኩ አስብ ጀመር።

እንዲህ ሳለሁ ነው የአንዲት ሟች አስተማሪ ቤት ተራ የደረሰው። የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ ቀኗ ሳይደርስ ራሷን አሟት፣ ዓይኗ ጨለመባት፣ ደም ፈሰሳት፣ ወደ ከተማ ይዘዋት ሲወጡ መንገድ ላይ አለፈች። እናቷ እኔን ታክላለች። ደጁ ጋ ስንደርስ እንግዳ መምጣቱን ሰምታ ብቅ አለች፤ ያደረገችው ያረጀ የሴት ጫማ የልጇ መሆኑን እግሯ ስለማይሞላው አወቅሁት። ያንን ሳይ ድምፄ ሳልጠራው ወጣ፤

"የሰው ምጥ ስትጠይቅ አገር ስታዳርስ፣
የራሷ ቀን መጣ ቤቷ ሳትመለስ።"

የቤቱ ሰው ምንም አላወቀም። እናቲቱ ደረቷን እየመታች "ወይኔ ልጄ!" ብላ ተቀበለችኝ፣ ጎረቤቶቹም ተቀበሉኝ። እኔም ደገምኩት። ለሦስተኛ ልደግመው አፌን ስከፍት ዞር አልኩ። ልጄ ደጁ ላይ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል። አየችኝ፣ ዞረችና ከቤቱ ጀርባ ሄደች። ሲያስመልሳት ሰማሁ።

ያን ጊዜ ነው ያልኩት የገባኝ። አስተማሪዋ የሰው ምጥ አልጠየቀችም። አገር ያዳረሰችው የኔዋ ናት። በቁሟ፣ እየሰማችኝ፣ የሰው ደጅ ላይ ልጄን አለቀስኳት።

ልጄ ፊቷን ታጥባ ገባች፣ ተቀመጠች፣ እንደ ሌላው ቀን ጠየቀች። የራስ ምታቱ መቼ ጀመራት? እግሯ አብጦ ነበር? ዓይኔን ጨለመኝ ስትል ማን ነበር? እናቲቱ መለሰችላት። እኔ አንዱንም አልሰማሁም።

ስንወርድ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ኤክስቴንሽኗ ልጅ ነገሩ ገብቷት ወደፊት አለፈች።

"ማንን ነው ያለቀስሽው እማ?"

"አስተማሪዋን።"

"እማ።"

ሻሼን ፈትቼ መልሼ አሰርኩ።

"ነፍሰ ጡር ነኝ" አለችኝ። "አራት ወር ሆኖኛል።"

አዑዙ ቢላህ አልኩ። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩት፣ የወጣውን መልሼ የማስገባው ይመስል። ዓመታት ሙሉ ስለምነው የኖርኩትን ነገር እንዲህ ነው የሰማሁት። እልል የምልበት አፍ አልነበረኝም።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለቅሶ ቤት አትገቢም ብለሽ ታስቀሪኛለሽ ብዬ ነዋ።"

"አስቀርሽ ነበር!"

"አየሽ?" አለች። ፈገግ ልትል ሞከረች። ከዚያ ክንዴን ይዛ ተነሳች፤ "አብሽሪ፣ ቃል ሰው አይገድልም። ሰው የሚገድለውን ነገር እኔ አውቀዋለሁ፤ ቃል የለበትም" አለች። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ብቻዋን ሄደች። አትምጪ አላለችኝም፤ ሳልነሳ ወጥታ አገኘኋት።

ሥራዋ ብዙ አልሄደላትም። ሆዷ መታወቅ ሲጀምር ሴቶቹ ሌላ ሆኑባት። ለነፍሰ ጡር እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። ኤክስቴንሽኗ ልጅ ገበያ መጥታ፣ "እናቴ፣ ልጅዎ ሥራ ፈትታለች እኮ! የሞተችውን ስትጠይቅ ሆዷን ዳብሰው፣ መርቀው፣ ወተት አጠጥተው ይሸኟታል። አንዷም አትነግራትም" አለችኝ። ጎረቤቴ፣ "ታዲያ ምን አለበት፣ ትወፍራለች" ብላ ሳቀች። እኔ ግን ደስ አለኝ። የያዝኩትን ይዤ ልጻፍ ብላ ደሴ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት ለኔ እንዲህ ነበሩ። ያ ሙሾ በሄድኩበት ይከተለኛል። ጨው ስሰፍር ይመጣል፣ ሶላት ላይ ይመጣል። ሰደቃ አወጣሁ። ለጸሎት ሰው ሰብስቤ ወዳጃ አስቀመጥኩ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መጥቶ ዱዓ አደረገልኝ። ሼኹ ጋ ሄጄም በቁም ያለ ሰው ሙሾ ቢወጣለት ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኋቸው።

"አጀል በአላህ እጅ ነው፤ የሰው ቀኑን የሚያውቀው እሱ ነው" አሉኝ። "ሙሾ አታውጡ ስላችሁ ስንት ዓመቴ ነው? ለሙት ከልክያችሁ እናንተ ለቁም ጀመራችሁ!" ተቆጥተው ጨርሰው ደግሞ አዘኑልኝ፤ ምሕረት ለምኚ፣ ኢስቲግፋር አብዢ ብለው ሸኙኝ። አበዛሁ።

በየቀኑ እደውልላታለሁ። ራስሽን አሞሻል? እግርሽስ? ዓይንሽስ? ከሷ ከራሷ ጥያቄ የተማርኩትን መልሼ እሷኑ እጠይቃታለሁ። "እማ፣ ከሐኪሙ ባስሽብኝ" ትለኛለች። ኔትወርክ የሌለ ቀን አልበላም።

ስምንተኛ ወሯ ውስጥ ባሏ ደወለ። "እሷ ደህና ናት" አለኝ ገና ሰላም ሳይለኝ። "እማማ፣ እሷ ደህና ናት።" ሁለተኛ ሲደግመው ገባኝ። ጉልቴን እንደተዘረጋ ትቼው ተነሳሁ።

መንገዱ የዚያን ቀን ዝግ ነበር። በማግስቱ አንድ አይሱዙ ተገኘና ከጤፍ ጆንያ መሀል ተቀምጬ በአቀስታ በኩል ደሴ ገባሁ። ሆስፒታሉ ውስጥ ልጄ ያለችበት ክፍል ውስጥ ከየአልጋው ጎን ሕፃን ያለቅሳል። የሷ አልጋ ጎን ባሏ ብቻ ቆሟል። ሆዷን ቀደዋት ነው። ከንፈሯ ነጥቷል።

ለኔ ያስረዳችኝ እንደምታስተምረው አድርጋ ነው። ደም ግፊቷ በአንድ ቀን ወጣ። እንግዴ ልጁ ከልጁ ቀድሞ ተላቀቀ። ልጁ ውስጥ እንዳለ ሞተ። እሷን ቀደው፣ ደም ሰጥተው አተረፏት።

"የአስተማሪዋ ሕመም ነው እማ" አለችኝ። "አንድ ነው፣ ያው ራሱ ነው። ምልክቱን እያወቅሁት ነው የመጣው። ማወቄ አላዳነኝም። ቤቴ ለሆስፒታሉ ቅርብ ነው፣ በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። እዚያ ቆላው ውስጥ ብሆን ኖሮ ሁለታችንም..."

አልጨረሰችውም። እኔ ጆሮዋ ጋ ጎንበስ ብዬ፣ "ያልኩት ነገር ነው ወይ?" አልኳት። የመጣሁት ይኼን ልጠይቅ ይመስል።

"አይደለም እማ። የደም ሥር ነው። የደም ሥር ነገር ነው፣ ወላሂ።"

አመንኳት። እሷን አምኛታለሁ። ያ ሙሾ ግን ይኼው እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሲሻላት፣ ባሏ ለሥራው ደሴ ቀርቶ፣ ይዣት ወደ መካነ ሰላም መጣሁ። አራስ ናት፣ ልጅ የለም። ገንፎ ባገነፋ ለማን? እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እንኳን አላህ ገላገለሽ ብሎ የሚመጣ የለም። ነፍስ ይማር የሚልም የለም፤ ትንፋሽ ያልወጣው ልጅ እኛ አገር ለቅሶ የለውም። ጎረቤቶቼ በደጃችን ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ወተትና ቅቤ በልጆቻቸው ይልካሉ፣ ራሳቸው አይገቡም። ምን ብለው ይግቡ? ጡቷ ግን ይኼን አላወቀም። ወተቱ መጣ። በነጠላዬ አጥብቄ አሰርኩላት፤ እሷ ግድግዳውን እያየች፣ እኔ ከኋላዋ እየቋጠርኩ።

አንድ ጠዋት እንደዚያ ሳስርላት፣ "እማ፣ አልቅሺለት" አለችኝ።

"ለማን?"

"ለልጄ። ስንቱን የማታውቂውን አልቅሰሻል።"

ፈራሁ። አፌ ያን ሙሾ ካወጣ ወዲህ በኢስቲግፋር ዘግቼው ነው የኖርኩት። ደግሞ ሰው ስታለቅስለት ሥራውን፣ ደግነቱን፣ መልኩን ነው የምታነሳው። "ምን ብዬ ልጄ? ምን አድርጎ ያውቃል?" አልኳት።

ወደኔ ዞረች። "ሳስተምር ይራገጣል" አለች። "ተማሪዎቹ ሲያወሩ ዝም ይላል፣ እኔ ሳወራ ይጀምራል። አዛን ሲሰማ ይገለበጣል። በግራዬ ስተኛ አይወድም። ብርቱካን ስበላ ደስ ይለዋል።" እንዲህ እያለች ቆጠረችልኝ፣ እኔም ነጠላውን እንደያዝኩ ሰማኋት። ሌላ የሚነሳለት አልነበረውም። ይኼው ነው ዕድሜው።

ደጃችን ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ድምፄን ለቀቅሁት። የምን ሙሾ እንዳልኩ አላስታውስም፣ ግጥም ይኑረው አይኑረው አላውቅም፤ ርግጫውን አነሳሁ፣ አዛኑን አነሳሁ፣ ብርቱካኑን አነሳሁ። መንደሩ ደንግጦ ወጣ። "ማን ሞተ? ማን ሞተባችሁ?" እያሉ ሮጠው መጡ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ገባቸውና ቆሙ። ግቡም የሚል፣ ተመለሱም የሚል የለም።

ልጄ ደገፍ ደገፍ እያለች ከቤት ወጣች። "ልጄ ነው የሞተብኝ" አለቻቸው።

የጉልት ጎረቤቴ ነች መጀመሪያ የገባችው። በርበሬ የነካ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጥታ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ሌሎቹም ተከትለዋት ገቡ። ትንሽ አለቀስን። ከዚያ ጎረቤቴ ዓይኗን ጠርጋ፣ ለቅሶ ላይ እንደሚጠየቀው ልጄን ጠየቀቻት፤

"ማንን ይመስል ነበር የኔ እናት?"

"አላየሁትም" አለች ልጄ። "ስነቃ ቀብረውታል። አባቱ ነው ያየው።"